ስለ ምን መጣህ?

እንግዳ ሰው ወደ ሰው ደጅ በመጣ ጊዜ አስቀድሞ «ማን ነህ?» ይባላል፤ ቀጥሎም «ስለ ምን መጣህ?» ተብሎ ይጠየቃል። የፊተኛውን ጥያቄ ስሙን የሚያውቅ ሁሉ ይመልሰዋል። የኋለኛው ግን ብዙውን ሰው ያስጨንቀዋል፤ ገንዘብ ሊበደር የመጣ እንኳ «እንዲያው ብትናፍቁኝ ልያችሁ ብዬ ነው» ብሎ ይጀምርና እውነተኛውን ነገር የሚያወጣው ለመሄድ ከተነሣ በኋላ በሩን ይዞ ቆሞ ነው። ይህ የቆየ ጥያቄ በአሁኑ ዘመን በእንግሊዝ አገር በለንደን ከተማ በጽሕፈት ሆኖ፥ የመልሱም ቃል ብዛት አስቀድሞ ተወስኖ፥ ሕግ ተምረው ሥራ በሚሹ ወጣቶች ፊት በየዓመቱ ይቀርባል። ከእነዚህም ወጣቶች መካከል ወላጆቻቸው ከኢትዮጵያ ሄደው በዚያ ያሳደጓቸው ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ ከእነርሱ ስለ አንዱ ነው፤ በውስጡም የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝ አገር የጥብቅና ሥራ በሁለት የተከፈለ ነው። በዳኞች ፊት ቆሞ መከራከርን ዋና ሥራው ያደረገው ባሪስተር ይባላል፤ ከባለጉዳዩ ጋር ተቀምጦ ውሉን የሚጽፈው፥ ደብዳቤውን የሚመልሰው፥ ነገሩን ከሥሩ የሚያዘጋጀው ደግሞ ሶሊሲተር ይባላል። ይህ ሁለተኛው በአማርኛ ነገረ ፈጅ ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ከ2021 ወዲህ በወጣው ሥርዓት ሶሊሲተር ለመሆን የሚወድ ሰው በሁለት ክፍል የተመደበ ፈተና ማለፍና ሁለት ዓመት በሥራ ላይ መለማመድ ይገባዋል። በለንደን ያሉት ታላላቅ የጠበቆች ድርጅቶች ተለማማጁን ብዙ ጊዜ በየስድስት ወሩ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ክፍል እያዛወሩ ያስተምሩታል፤ የፈተናውን ትምህርት ዋጋ ይከፍሉለታል፥ ደመወዝም ይሰጡታል። ስለዚህ በሩን የሚያንኳኳው እጅግ ብዙ፥ የሚገባው ጥቂት ነው። ልምምዱ ከሚጀመርበት ቀን ሁለት ዓመት ያህል አስቀድሞ ማመልከት የተለመደ ስለ ሆነ፥ ገና ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ዐይቶት የማያውቀውን ሥራ ስለ ምን እንደሚወድ እንዲያስረዳ ይጠየቃል።

ጥያቄው ከድርጅት ወደ ድርጅት አነጋገሩ ቢለዋወጥም ፍሬው አንድ ነው፤ «የንግድ ሕግ ጠበቃ ለመሆን የፈለግኸው ስለ ምንድር ነው? ከሌሎቹስ ይልቅ የእኛን ድርጅት የመረጥኸው ስለ ምንድር ነው? ከ300 ቃል ሳታሳልፍ መልስ» የሚል ነው።

ወጣቱ በሰሜን ለንደን ከእናቱ ጋር የሚኖር የሕግ ተማሪ ነው። እናቱ የለንደን ልብ በሆነው በንግዱ ሰፈር፥ ሲቲ በሚባለው፥ የጽሕፈት ቤቶችን ወለልና ጠረጴዛ ሌሊት ሌሊት ታጸዳለች፤ ከምታጸዳቸውም ቤቶች አንዱ የጠበቆች ድርጅት ነው። ልጇ በቀን ሊገባበት የሚለምነውን ዓይነት ደጅ እርሷ በሌሊት በቍልፍ ከፍታ ትገባበታለች ማለት ነው። ወጣቱ በዚያ ክረምት ዐሥራ አንድ ማመልከቻ ልኮ ነበር። ከአራቱ ምንም መልስ አልመጣም፤ ከሰባቱ በኢሜይል አንድ ዓይነት ደብዳቤ መጣ፤ «ያመለከቱት ሰዎች ብቃት እጅግ ከፍተኛ ስለ ነበረ እናዝናለን» ይላል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ሰውን ሳይሰድብ የሚያዋርድ ስለ ሆነ መልስ እንኳ አይገኝለትም።

ዐሥራ ሁለተኛውን ሊጽፍ ተቀመጠና «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ለሕግ ጽኑ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ ጀመረ። ይህን ባነበበ ጊዜ ራሱ አፈረ። በሕፃንነቱ ጽኑ ፍቅር የነበረው ለኳስ ነውና። ደመሰሰው። ከዚያ በኋላ ማንም እንደማያየው ዐውቆ እውነቱን ጻፈ፤ «እናቴ የሌሊት ሥራዋን እንድትተው ነው።» ቃሉን ቢቈጥረው ዐሥር እንኳ አልሞላም። የቀረውን 290 ቃል በምን ይሞላዋል?

አንባቢ «ከዚህ የሚሻል ምን መልስ አለ? እናትን ከድካም ማውጣት ነውር ነውን?» ይል ይሆናል። ነውር አይደለም፤ ከብዙዎቹ የአመልካቾች መልስ ይልቅ የከበረ ነው። ነገር ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አልሆነም። ጠያቂው ሰው ሁሉ እንጀራ እንደሚፈልግ ያውቃል፤ እርሱም ራሱ ያለ ደመወዝ አንድ ቀን አይሠራም። እናትን ከሌሊት ሥራ የሚያወጣ ደመወዝ ግን በባንክም፥ በሕክምናም፥ በምሕንድስናም ይገኛል። ጠያቂው የሚሻው ከእነዚያ ሁሉ በሮች መካከል ይህን በር ስለ ምን እንደ መረጠ ለማወቅ ነው። ችግሩ ግን ለብዙው ድኻ ልጅ በሩን የመረጠለት ምርጫ ሳይሆን አጋጣሚ መሆኑ ነው፤ አንድ አስተማሪ «አንተ ክርክር ትችላለህ» ይለዋል፥ አንድ ዘመድ «ጠበቃ ብትሆንልን» ይለዋል፥ እርሱም በዚያው ይሄዳል። ያለ ምርጫ የሄደበትን መንገድ መርጦ እንደ ሄደበት አድርጎ ይናገር ዘንድ ግድ ይሆንበታል።

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የነበረ አይደለም። በ1728 በወጣው ሕግ የእንግሊዝ ሶሊሲተርነት የሚሻ ሰው ውል ተፈራርሞ አምስት ዓመት በአንድ ጠበቃ ሥር በጸሐፊነት እንዲያገለግል ታዘዘ። ለመንግሥት የሚከፈለው የውሉ ቴምብር በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ 80 ፓውንድ ነበረ፤ ከዚህም በላይ የልጁ አባት ለሚያስተምረው ጠበቃ የማስገቢያ ገንዘብ ይከፍል ነበር። በ1827 በዐሥራ አምስት ዓመቱ በጠበቃ ቤት ተራ ጸሐፊ ሆኖ የሠራው ቻርልስ ዲከንስ ይህን ነገር በቅርብ ያውቀዋል፤ ዴቪድ ኮፐርፊልድ በሚባለው ልብ ወለዱ አክስቲቱ ልጁን በሕግ ሥራ ለማስገባት 1000 ፓውንድ ከፍላለች። ልጁ ሕግን ይውደድ ወይም ይጥላ፥ ያን የሚጠይቀው አልነበረም። የአባቱ ከረጢት ስለ እርሱ ተናግሯልና።

ለሴቶችም ሌላ ጥያቄ ነበረባቸው። በ1913 ግዊኔት ቤብ የምትባል ሴት ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር የሶሊሲተሮችን ማኅበር «ለፈተና እንድንቀመጥ ይፈቀድልን» ብላ ከሰሰች። ዳኞቹም በ1843 በወጣው የሶሊሲተሮች ሕግ ውስጥ «ሰው» የሚለው ቃል ሴትን አይጨምርም ብለው ፈረዱባት። እንግዲህ እርሷን «ስለ ምን መጣሽ?» ያላት የለም፤ «ሰው ነሽን?» ነው የተባለችው። ሕጉ በ1919 ተለወጠ፤ በ1922 መጨረሻ ካሪ ሞሪሰን በእንግሊዝ አገር የመጀመሪያዪቱ ሴት ሶሊሲተር ሆነች። ቤብ ግን ከዚያ አንድ ዓመት አስቀድማ በ1921 ሞታ ነበር።

የጸሐፊነቱ ውል በ1990 ገደማ ስሙ ተለውጦ የልምምድ ውል ተባለ፤ የማስገቢያው ገንዘብ ከዚያም አስቀድሞ ቀርቶ ነበር። ዛሬ ከፋዩ ድርጅቱ እንጂ የተማሪው አባት አይደለም። ይህ ታላቅ መሻሻል ነው፤ የሚክደውም የለም። ነገር ግን ገንዘቡ በተነሣበት ስፍራ ምክንያት መቀመጡን ልብ ማለት ይገባል። ጥንት 80 ፓውንድ ይዞ የማይመጣ አይገባም ነበር፤ አሁንም ጥሩ ምክንያት ይዞ የማይመጣ አይገባም። ምክንያት ደግሞ እንደ ገንዘብ ከቤት ይወረሳል። የጠበቃ ልጅ እራት ላይ ስለ ኩባንያ መግዛትና መሸጥ፥ ስለ ባለዕዳና ስለ መያዣ ሲወራ እየሰማ ያድጋል፤ «ስለ ምን?» ሲባል አፉ አይያዝም። የጽዳት ሠራተኛዪቱ ልጅ ያንኑ 300 ቃል ከምን ያመጣዋል? ድርጅቶቹም ይህን ስለ ተረዱት ብዙዎቹ በማመልከቻው ላይ «ወላጆችህ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋልን?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ለልጁ መንገዱ ምን ያህል ዳገት እንደ ነበረ ሊገምቱለት ነው። ወጣቱ በዚህ ጥያቄ ፊት «አልገቡም» የሚለውን ምልክት ባደረገ ቍጥር እናቱን የከሰሳት ይመስለው ነበር።

ዘመኑ ያመጣው ሌላ መውጫ ደግሞ አለ። ከ2022 መጨረሻ ወዲህ ጥያቄውን ሲጽፉላቸው መልሱን በቅጽበት አሳምረው የሚያቀርቡ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በየእጁ ገብተዋል። ወጣቱ አንድ ሌሊት ሞክሮት ነበር። የመጣለት መልስ ስሕተት የሌለበት፥ ለስላሳ፥ ለጓደኛውም ለሌላውም የሚሆን መልስ ነበረ። እንደ ተከራየ የሠርግ ልብስ ለሁሉ ይሆናል፥ የማንም ግን አይደለም።

የድርጅቶቹንም ነገር መረመረ። የስድስት ድርጅቶችን ገጽ በኢንተርኔት ከፍቶ ስለ ራሳቸው የጻፉትን ገለበጠና ስማቸውን በጣቱ ከድኖ አነበበ። ሁሉም «በዓለም ሁሉ እንሠራለን» ይላሉ፤ ሁሉም «ተባብረን እንሠራለን» ይላሉ፤ ሁሉም «ከተለማማጁ ገና ከመጀመሪያው ቀን ኀላፊነት እንሰጣለን» ይላሉ። የማን የማን እንደ ሆነ ሊለይ አልቻለም። እነርሱ ራሳቸው ስለ ምን ከሌላው እንደሚሻሉ መናገር አቅቷቸው ሳለ፥ የሃያ ዓመት ልጅ እንዲናገርላቸው መፈለጋቸው ጥቂት የሚያስቅ ነው። የሆነ ሆኖ ከዚህ አንድ ነገር ተማረ፤ በጻፈው መልስ ውስጥ የድርጅቱን ስም አውጥቶ የሌላውን ስም ቢያገባበትና ነገሩ ሳይፈርስ ቢቆም፥ ያ መልስ ምንም አልተናገረም ማለት ነው። የቀደሙትን ዐሥራ አንድ ማመልከቻዎች በዚህ ሚዛን መዘናቸው፤ ሁሉም ቀለሉ።

በትምህርት ቤቱ ተማሪዎችን የሚመክር አንድ ሰው ነበረና ወጣቱ የቤቱን ነገር ባጫወተው ጊዜ ፊቱ በራ። «ይህን ጻፍ እንጂ! ዘጠኝ ዓመት ሆኖህ ለእናትህ ከአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር የመጣውን ደብዳቤ አንተ ተረጐምህላት፤ እርሷ አለቀሰች፤ አንድ ጠበቃ ረዳችሁ፤ በዚያ ቀን ጠበቃ ለመሆን ቈረጥህ። ይህን አንብቦ ልቡ የማይነካ የለም» አለው። ወጣቱም ጻፈው። 300 ቃል ልክ ሆነ። ከጻፋቸው ሁሉ ይልቅ ያማረ ነበር፤ ሲያነበው የራሱ ጕሮሮ ተያዘ። ከዚያም በኋላ ልቡ ስላልፈቀደለት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እናቱ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ተቀምጦ በአማርኛ ነገራት።

እርሷም ፍሙን እያራገበች እስከ መጨረሻው ሰማችው። «ያን ቀን ጠበቃ ለመሆን ቈርጠህ ነበርን?» አለችው።

«አላስታውስም፥ እማዬ። የፈራሁትን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

«ያን ቀን ያለቀስሁት በሰው ፊት አልነበረም፤ በር ዘግቼ ነው። አንተም ያየኸኝ ልጄ ስለ ሆንህ ነው። አሁን በሩን ልትከፍተው ነውን?» አለች። እርሱ ዝም አለ። እርሷ ቡናውን ቀዳችለትና ጥቂት ቆይታ «ሥራውን የምታገኘው በእርሱ ከሆነ ግን ጻፈው። እኔ ምን ቀረኝ» አለችው።

ባትፈቅድለት ኖሮ ነገሩ ይቀልለት ነበር። ፈቃዷ ከክልከላዋ ይልቅ ከበደው። ስለ ገዛ ራሱ ችግር የሚናገር ሰው የራሱን ገንዘብ ያወጣል፤ የእናቱን ዕንባ ለማያውቃቸው ሰዎች የሚያቀርብ ግን የሰው ገንዘብ ይዞ ገበያ የወጣ ነው። ደግሞም ገና ያላስተዋለው ጕድለት በመልሱ ውስጥ ነበረ፤ ይህንም ያሳየው የእናቱ ታላቅ ወንድም ነው።

አጎቱ በልጅነቱ በጎጃም ቅኔ ቤት የገባ፥ በኋላም በሱዳን በኩል ወጥቶ ለንደን የደረሰ፥ አሁን ከኢትዮጵያ ቡና እያስመጣ ቈልቶ የሚሸጥ ሰው ነው። ወጣቱ በበጋው ዕረፍት በሱቁ ይሠራ ነበር። ማመልከቻውን ባነበበለት ጊዜ አጎቱ መነጽሩን አውልቆ «ጠበቃዪቱ የረዳችን በመንግሥት ድጎማ፥ ከልብስ መስፊያ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል እየሠራች ነው። እነዚህ የምትጽፍላቸው ሰዎች ምን ይሠራሉ?» አለው።

«ኩባንያ ሲገዛና ሲሸጥ፥ ባንክ ሲያበድር ውል የሚጽፉ ናቸው፥ ጋሼ።»

«እንኪያስ ‹ወደዚያች ሴት ለምን አልሄድህም?› ቢሉህ ምን ትላለህ?»

ወጣቱ መልስ አጣ። አጎቱም ሳቅ ብሎ የራሱን ነገር አወራው። «እኔ ደበሎ ለብሼ፥ አኩፋዳ ይዤ የኔታ ዘንድ ስደርስ ‹ስለ ምን መጣህ?› አሉኝ። ‹ቅኔ ለመማር› አልኋቸው። እርሳቸውም ‹በግ ጥበቃ ሰልችቶህ ነው የመጣኸው፤ ከእግርህ ጭቃ ይታወቃል። የቅኔውን ነገር ግን ክረምቱ ሲወጣ እናያለን› አሉኝ። ልክ ነበሩ፤ ያመጣኝ በግ ጥበቃው ነው። ክረምቱን ሙሉ ውሃ ስቀዳ፥ እንጨት ስለቅም፥ ስለምን ቆየሁ፤ አንድ ሌሊት ግን የአንድ ቅኔ ምሥጢር እንቅልፍ ነሥቶኝ ሲነጋ ተገኘሁ። ያን ጊዜ የኔታ ምንም አልጠየቁኝም። ያመጣህ ሌላ ነው፥ ያቈየህ ሌላ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ያመጣህን ነው የነገርሃቸው፤ ምን እንዳቈየህ ንገራቸው።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት የሚገባ ነው፤ ወጣቱን ከጭንቀቱ ያወጣው ይህ መለያየት ነውና። ወደ አንድ ሥራ የሚያመጣ ነገር ብዙ ጊዜ ተራ ነው፤ ራብ፥ ሽሽት፥ የዘመድ ምክር፥ የጓደኛ ቅናት። በዚህ ማንም ሊያፍር አይገባውም፥ ሊኵራራበትም አይገባውም። የሚያቈየው ግን ሰው ሳያዝዘው፥ ዋጋም ሳይከፈለው ጊዜውን የሰጠበት ነገር ነው። የኔታ ይህን ለማወቅ አንድ ክረምት ጠበቁ፤ መነኵሴም ለመሆን የመጣውን ሰው ገዳሙ በአመክሮ ዓመታት ያቈየዋል እንጂ በአፉ ቃል ብቻ አይቀበለውም። በ1728 ሕግ የታዘዘው አምስት ዓመትም፥ ምንም እንኳ በገንዘብ የተበላሸ ቢሆን፥ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የዛሬዎቹ ድርጅቶች ሺህ አመልካች አምስት ዓመት ሊያዩ ስለማይችሉ ያን ሁሉ በ300 ቃል ሊያዩት ይፈልጋሉ። ጥቂቶቹን በዕረፍት ጊዜ ለጥቂት ሳምንት እየጠሩ ሲሠሩ ያዩአቸዋል፤ ይህ የተሻለ ነው፤ ግን ወደዚያም የሚገባው ያው ጥያቄ በተመለሰ ጊዜ ነው።

እንግዲህ ወጣቱን ያቈየው ምን ነበረ? አጎቱ ራሱ ያውቀው ነበርና ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ጠቈመው። ከሁለት ዓመት በፊት ከጅቡቲ ተጭኖ በፊሊክስቶው ወደብ የወረደ ቡና ሱቁ ሲደርስ አርባ ጆንያ እርጥብ ሆኖ፥ ሻጋታም ይዞት ተገኝቶ ነበር። አጎቱ ሻጩን በስልክ ቢከሰው ሻጩ «ውሉን እይ» አለው። ውሉ ላይ «ኤፍ ኦ ቢ ጅቡቲ» የሚል ተጽፎ ነበር። አጎቱ ፈርሞበታል፥ ትርጕሙን ግን ጠይቆ አያውቅም። ያን ሌሊት ወጣቱ በዚያ ምድር ቤት በሻጋታ ሽታ መካከል ተቀምጦ ሦስቱን ፊደሎች ሲመረምር ነጋ። ማንም አላዘዘውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ዓይነት ውል ሻጩ ቡናውን በተባለው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ አደጋው የሻጩ ነው፤ ከተጫነ በኋላ የገዢው ነው። የዓለም የንግድ ምክር ቤት ያወጣው የቀድሞው ደንብ ዕቃው የመርከቡን ጠርዝ ባለፈ ጊዜ አደጋው ወደ ገዢው ይሻገራል ይል ነበር፤ ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ የጸናው ደንብ ግን መርከቡ ላይ በተቀመጠ ጊዜ ይላል። በአየር ላይ በተሰቀለ ጆንያና በመርከቡ ወለል ባረፈ ጆንያ መካከል ባለው ልዩነት ሰዎች መጨነቃቸው ወጣቱን አስገረመው። ቡና ደግሞ ከሙቅ አገር ወደ ቀዝቃዛ አገር ሲጓዝ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጣራው ላይ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ቡናው የረጠበው በዚህ ምክንያት በባሕር ላይ ከሆነ ጕዳቱ የአጎቱ ነው፤ ሲጫን ረጥቦ ከነበረ የሻጩ ነው። የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ትርፍ ውሃው በገባበት ሰዓት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አጎቱ ኢንሹራንስም አልገባም፤ በዚህ ውል መሠረት ሻጩ ኢንሹራንስ የመግባት ግዴታ እንደሌለበት የነገረው የለምና። ስለዚህ ጕዳቱን ዋጠው።

ወጣቱ ከዚያ ሌሊት በኋላ የአጎቱን ውሎች ሁሉ ያነብ ጀመር፤ በሰፈሩ ያሉ ሌሎች ነጋዴዎችም ውላቸውን ያመጡለት ጀመር። ይህን ሁሉ ከሕግ ጋር የተያያዘ ነገር ነው ብሎ አስቦት አያውቅም ነበር፤ ዘመድ መርዳት መስሎት ነው እንጂ።

አሁን ጻፈ። ስለ ጽኑ ፍቅር አልጻፈም፤ ስለ እናቱም አልጻፈም። ስለ አርባ ጆንያና ስለ ሦስት ፊደል ጻፈ፤ አንድ ሰው በፈረመበት ወረቀት ላይ የማያውቀው ቃል ሊያደኸየው እንደሚችል በማየቱ፥ ያን ቃል አስቀድሞ የሚያይ ሰው መሆን እንደሚወድ ጻፈ። ድርጅቱንም የመረጠው የሸቀጥ ንግድና የመርከብ ጭነት ክርክር የሚሠራበት ክፍል ስላለው መሆኑን ጻፈ፤ በዚህ ላይ የሌላ ድርጅት ስም ቢገባ ነገሩ ይፈርስ ነበር። ስለ ደመወዙ ምንም አላነሣም። አንድ ጥንቁቅ አንባቢ «ዋናውን ምክንያት ሸሽጎ የለምን?» ይል ይሆናል። ያለውን ሁሉ አለመናገርና የሌለውን መናገር አንድ አይደሉም፤ የጻፈው ሁሉ የሆነ ነገር ነበረ፥ ያልጻፈውም የእናቱ ነበረ። ቃሉን ቢቈጥረው 271 ሆነ፤ የቀረውን 29 ቃል ሳይሞላው ላከው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለቃል ጥያቄ ተጠራ። ጠያቂዎቹ ሁለት ነበሩ፤ አንዲት ዕድሜዋ ከፍ ያለ ሴት ማመልከቻውን ፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ወጣቱ «ስለ ምን መጣህ?» የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ሌሊቱን ሲዘጋጅ አድሮ ነበር። እርሷ ግን ያን አልጠየቀችውም። «ውሃው ወደ ጆንያዎቹ የገባው ከመጫናቸው በፊት ይሁን በኋላ፥ በምን ልታውቅ ትችል ነበር?» አለችው።

ጥቂት አሰበና «የመርከቡ ደረሰኝ ላይ ጆንያዎቹ በመልካም ሁኔታ ተጫኑ ተብሎ መጻፍ አለመጻፉን አይ ነበር። ጆንያዎቹንም የሚመረምር ባለሙያ አስጠራ ነበር፤ የባሕር ጨው ወይም የጤዛ ውሃ መሆኑን ይለይ ነበር። ነገር ግን ያን ጊዜ አላወቅሁም፤ አጎቴም ሽታው ስላስቸገረው በማግስቱ ጆንያዎቹን ጣላቸው» አለ።

«ማስረጃውን ጣላችሁት ማለት ነው» አለች ሴቲቱ።

«አዎን፤ ያወጣሁትም እኔ ነኝ» አላት። ሴቲቱ በወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች፤ ምን እንደ ሆነ ግን አልታየውም።

ወደ ቤት ሲገባ መሽቶ ነበር። እናቱ ለሌሊቱ ሥራ ለመሄድ ካፖርቷን እየለበሰች ነበርና በሩ ላይ ተገናኙ።

«ምን ጠየቁህ?» አለችው።

«ስለ ጋሼ ቡና።»

«ስለ እኔስ?»

«ስለ አንቺ የጠየቀ የለም፥ እማዬ።»

«እሰይ» አለችና ቍልፎቿን ከመንጠቆው አንሥታ ሄደች።